ከባሕሩ የረዘመው መንገድ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ይህ ወግ ከሲድኒ ይነሣል፣ ጂንካ ይደርሳል። በመካከሉ ውቅያኖስ አለ፣ ንጉሠ ነገሥት አለ፣ ደርግ አለ። ከሁሉ የረዘመው ግን ውቅያኖሱ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ያለው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው የየብስ መንገድ ነው። አጋነንኩ? ቁጠሩልኛ! ሐኪሟ ከባሕር ማዶ አዲስ አበባ ለመግባት አንድ ጉዞ በቅቷቸዋል። ሆስፒታላቸው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ደቡብ ላይ በር እስኪከፍት ግን 47 ዓመት ሄዷል። ያውም በሩ የተከፈተው ይርጋለም ነው። ከይርጋለም ጂንካ ገና ሌላ አገር ናት።

ዘመን ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። የራሳችንን ስጠቅስ ዓመተ ምሕረት ብዬ አስታውቃለሁ።

ሐኪሟ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ ጥቂት ነውና መነሻቸውን በሩጫ ልለፈው። በ1924 ሲድኒ ተወለዱ፤ በ1946 ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በሚሠሩበት የሴቶች ሆስፒታል ከኒውዚላንዱ ሐኪም ከዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ጋር ተዋወቁ፣ በ1950 ተጋቡ፣ ሪቻርድ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1958 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበቡ፦ አዲስ አበባ የሚገኘው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁምለት የማሕፀን ሐኪም ይፈልጋል። ባልና ሚስቱ አመለከቱ። ውሉ የሦስት ዓመት ነበር። በ1959 ልጃቸውን ይዘው ገቡ።

ልብ በሉ፤ የመጡት አዋላጅ ሊያስተምሩ ነው። ይህችን ነገር አትርሷት፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ሆስፒታሉ የተሰየመላቸው ልዕልት ፀሐይም ላፍታ ቆም ብለን ልናስባቸው ይገባል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት የተማሩ፣ የነርስ ልብስ የለበሱ ልዕልት ነበሩ። በ1942 አግብተው ከባላቸው ጋር ወለጋ ወረዱ። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በመጣ ሕመም ደም ፈሷቸው ሞቱ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ እያሰባሰቡ ሆስፒታሉን ያሠሩት በእኚህ ልዕልት መታሰቢያ ነው፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። የንጉሥ ልጅ ናት፣ ነርስ ናት፣ ሠረገላውም መኪናውም አላት፤ ነቀምት ላይ ግን እንደማንም ሴት ሞተች። የንጉሥ ልጅን ያላዳነ ርቀት የገበሬን ልጅ ምን እንደሚያደርጋት እናንተው ገምቱ።

ሃምሊኖቹ አዲስ አበባ በገቡበት ምሽት አንድ የሙያ ባልደረባቸው፣ የፊስቱላ በሽተኞቹ ልባችሁን ይሰብሩታል ብሎ ነገራቸው። እነርሱ ደግሞ ፊስቱላ በመጽሐፍ እንጂ በዓይን አይተው አያውቁም። ባደጉበት ዓለም ጠፍቷል። ኒውዮርክ ውስጥ ለዚህ ሕመም የቆመ ሆስፒታል ነበረ፤ በቦታው ላይ በኋላ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተሠራበት። አንዱ አገር ሆስፒታሉን አፍርሶ ሆቴል ሲሠራ፣ በሌላው አገር ሴቷ የሆስፒታል ስም ሳትሰማ ትሞታለች። ስለዚህ የሲድኒዎቹ ሐኪሞች እንደ ተማሪ ከመጽሐፍ ጀመሩ። ከሁሉ የጠቀማቸው የካይሮው የማሕፀን ሐኪም የፕሮፌሰር ናጊብ ማህፉዝ ሥራ ነው። ደራሲው ናጊብ ማህፉዝ አይደሉም፤ ደራሲው ግን ስሙን ያገኘው ካዋለዱት ከእኚሁ ሐኪም ነው። በመጀመሪያው ዓመት 30 ያህል ሴቶች ታከሙ። የዳነችው አገሯ ገብታ አወራች፤ የሰማችው ተነሥታ መጣች።

እዚህ ላይ አዲስ አበባን ትተን ወደ ደቡብ እንውረድ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሚጠብቋት ሴት ከየት እንደምትነሣ ካላያችሁ ወጉ አይገባችሁም።

ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ደጋ፣ ከጋዘር ከተማ ወዲያ፣ እንሰት በከበበው ጎጆ ውስጥ ምጥ የያዛት አንዲት ልጅ አስቡ። ስም አልሰጣትም፤ ብዙ ናትና። የመጀመሪያዋ ነው። አጥንቷ ገና አልጠናም፣ የሕፃኑ ራስ ማለፊያ አጣ። አንድ ቀን አለፈ። ሴቶቹ ሆዷን ያሻሉ፣ አምላካቸውን ይለምናሉ። ሁለተኛው ቀን ነጋ። ወንዶቹ ቃሬዛ ያበጃሉ፣ ግን ወዴት? ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቷል። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ሞቶ ይወጣል። እሷ ተረፈች ተብሎ እልል ይባላል።

አልተረፈችም። የሕፃኑ ራስ እነዚያን ቀናት ሁሉ ፊኛዋን ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ሲጫነው፣ በመካከል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ሞቷል። ከቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ይለቅና ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሽንት አይያዝላትም፤ ቀንም ሌሊትም ይፈስሳል። ጉዳቱ ወደ ኋላ ካለፈ ሰገራም እንዲሁ። ሽታው ከሰው ይለያታል። ባል ይሄዳል፤ ዘመድ ከቤት ጀርባ ጎጆ ይቀልስላታል። እሷም ካልተንቀሳቀስኩ፣ ውኃ ካልጠጣሁ ይቀንስልኛል ብላ እግሯን አጥፋ ትተኛለች። ዓመት ሲያልፍ እግሯ አልዘረጋ ይላል። ፊስቱላ ይህ ነው። እርግማን አይደለም፣ የአማልክት ቁጣ አይደለም፤ በሰዓቱ ያልተደረሰለት ምጥ ነው። አንድ የሠለጠነ አዋላጅና አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አይመጣም ነበር።

ያኔ በኦሞ ዳር ምን ነበረ? ሃምሊኖቹ አዲስ አበባ በገቡ በዓመቱ፣ በ1960፣ በኦሞ ተፋሰስ ቢጫ ወባ ተነሣ። ትንኝ ከሰው ወደ ሰው እየወሰደችው እስከ 1962 ድረስ ደቡብ ምዕራቡን አረሰው። ወደ 30 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። ሠላሳ ሺህ ሰው! ዛሬ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ስንት ገጽ አለው? በዚያ ዘመን ስለተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሐኪሞቹ ብቻ ናቸው።

በ1967 ደግሞ ከታች፣ ኪቢሽ አጠገብ፣ ሳይንቲስቶች ሰፍረው የጥንት ሰው አጥንት አገኙ። ኦሞ አንድ የተባለው የራስ ቅል የእኛው የሰው ዘር ነው፤ የቅርቡ ጥናት ዕድሜውን ከ230 ሺህ ዓመት በላይ አድርሶታል። ክብሩ የአገር ነው፣ አልጠላሁም። ግን ታዘብኩ፦ ለሙታኑ አጥንት አውሮፕላኑም ድንኳኑም በጊዜ ደረሰ፤ ለሕያዋኑ ሐኪም ዘገየ። ከሳይንቲስቱ ቀጥሎ ባለ ካሜራው መጣ። ደቡብ ኦሞን ዓለም በፎቶ ነው የሚያውቀው፤ የሐመር ከብት ዝላይ፣ የሙርሲ የከንፈር ገል፣ የካሮ የገላ ቀለም። ፎቶ የተነሣችው ሴት ግን የት እንደምትወልድ የጠየቀ እንግዳ ስንት ነው?

እንመለስ። ሦስቱ ዓመት አለቀ፣ ሃምሊኖቹ አልሄዱም። የአዋላጆቹ ትምህርት ቤት ጥቂት ሰዎች አስመርቆ ቆመ፤ ሐኪሞቹን ቁስሉ ዋጣቸው። ሌላው በሽተኛ ሽታቸውን ስለማይችል በግቢው ውስጥ ለፊስቱላ ሴቶች ለብቻ ማረፊያ ሠሩላቸው። በ1974፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ በገባበት ዓመት፣ ለዚህ ሕመም ብቻ የቆመው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በወንዝ ዳር ተከፈተ። ብዙ የውጭ ሰው ጓዙን ሲጠቀልል እነርሱ አልጋ ሲያነጥፉ ነበር።

ከነዚያ በሽተኞች መካከል አንዷን በስሟ ልጥራት፤ ዓለም ያወቃት ናትና። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ከሩቅ ገጠር የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን በምጥ ያጡ ወጣት ነበሩ። ከታከሙ በኋላ ሆስፒታሉን ሊለቁ አልወደዱም። አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፣ የቀዶ መሣሪያ ማቀበል ቀጠሉ፣ ዶክተር ሬጂናልድ እጃቸውን አይተው መስፋት አስተማሯቸው። ውሎ አድሮ ከውጭ አገር የሚመጡ ባለዲግሪ ሐኪሞች ፊስቱላ መጠገንን ከማሚቱ እጅ ይማሩ ጀመር። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሃምሊኖቹ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ማሚቱንም አብሮ ሸለመ። ለእኔ የሃምሊኖቹ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ሐኪም የትም አገር ሄዶ ሊያክም ይችላል። ያከመውን ሰው አጠገቡ አቁሞ ቢላዋውን የሚያቀብል ግን ስንት ነው?

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዐረፉ፤ አዲስ አበባ ተቀበሩ። ዶክተር ካትሪን ያኔ 69 ዓመታቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ማንም ቢሆን ሻንጣውን ዘግቶ አገሩ ቢገባ አይፈረድበትም። እሳቸው ግን የሥራቸውን ግማሽ ገና አልጀመሩትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ስሙ ገንኖ፣ ሴቶቹ ከአራቱም ማዕዘን እየመጡ፣ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፦ አዲስ አበባ የምትደርሰው ሴት ዕድለኛዋ ናት። አውቶቡስ ሲጭናት ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያስወርዷታል። የትራንስፖርት ገንዘብ ለምና፣ ቋንቋ በማታውቅበት ከተማ ጠይቃ፣ የሆስፒታሉን በር የምታንኳኳው ከብዙ አንዷ ናት። ስለዚህ ሆስፒታሉ ራሱ ተነሥቶ ይሂድ ተባለ። በ2005 ባሕር ዳር፣ በ2006 መቀሌና ይርጋለም፣ በ2009 ሐረር፣ ቀጥሎም መቱ ቅርንጫፍ ተከፈተ። ሊድን ያልቻለ ጉዳት ላላቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠራላቸው።

የደቡቡ ይርጋለም ነው ብያችኋለሁ። ሲዳማዋ እፎይ አለች፣ ወላይታዋም ጌዴኦዋም መንገዱ ቀረበላት። የአሪዋስ? ጂንካ ድረስ መጀመሪያ በእግርና በሞተር ትወርዳለች። ከጂንካ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ወይጦ በረሃውን ተሻግራ ኮንሶ ትወጣለች። ከኮንሶ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ሶዶ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ይርጋለም። የዳሰነችዋ ከኦሞራቴ፣ የቦዲዋ ከሐና ከተነሣች ደግሞ ጂንካ መድረሱ ራሱ ትልቅ ጉዞ ነው። አምስት ሆስፒታል መክፈት ቀላል አይደለም፤ ካርታው ላይ ስታዩት ግን የኦሞ ዳሩ ማዕዘን አሁንም ዳር ነው።

ይህን ሐኪሟም ያውቁታል። እስከ ዳር ድረስ ሆስፒታል መሥራት እንደማይቻል፣ ቢቻልም የሚጠግነው የተቀደደውን እንደሆነ ያውቃሉ። እና ምን አደረጉ? ያቺን አትርሷት ያልኳችሁን አሁን አምጡልኝ። በ1959 አዋላጅ ሊያስተምሩ የመጡት ሴት በ2007፣ በ83 ዓመታቸው፣ የሃምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅን ከፈቱ። 48 ዓመት ዞረው የመጡበት ጉዳይ ላይ ገቡ። ኮሌጁ የሚመለምለው ገጠር ያደጉ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆችን ነው። ተምረው በዲግሪ ይመረቃሉ፣ ወደ መጡበት አካባቢ ተመልሰው ጤና ጣቢያ ላይ ይመደባሉ፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑም ጥንድ ጥንድ ሆነው። የመጀመሪያዎቹ በ2010 ወጡ።

ለምን ከገጠር? ምክንያቱን ጂንካ የሠራ ሐኪም ሁሉ ይነግራችኋል። በደቡብ ኦሞ ምድር 16 ብሔረሰብ ይቆጠራል፤ አሪ፣ ማሌ፣ ዲሜ፣ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ፣ ኤርቦሬ፣ ካሮ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ቦዲ እያልክ ትቀጥላለህ። ለብዙ ዓመታት አዲስ ተመራቂ ሐኪም በዕጣ ነበር የሚመደበው፤ የጎንደሩ፣ የመቀሌው፣ የአዲስ አበባው ልጅ ዕጣው ጂንካ ሲወጣ ካርታ ይፈልጋል። ሲደርስ እንደ ሲድኒዎቹ እንግዳ ነው። በሽተኛዋ በኛንጋቶምኛ ትናገራለች፣ አብሯት የመጣው ወንድሟ ለሌላ ሰው ይነግራል፣ ያ ሰው በአማርኛ ለነርሷ ይነግራል፣ ነርሷ ለሐኪሙ። ሕመሟ ሦስት አፍ ዞሮ ሐኪሙ ጆሮ ሲገባ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። የሴት ሕመም ሲሆን ደግሞ በወንድሟ አፍ የማይነገር አለ። ልጁ ጎበዝ ቢሆን፣ ቅን ቢሆን፣ ይህን ብቻውን አይወጣውም። ሁለት ዓመት ሠርቶ ለስፔሻላይዜሽን ይሄዳል፤ አልወቅሰውም፣ እኔም ብሆን እሄዳለሁ። ሐመርኛ የምትናገር የዲመካ ልጅ አዋላጅ ብትሆን ግን ወዴት ትሄዳለች? ቤቷ እኮ ነው።

መንግሥትም ይህ ገብቶታል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ጤና ጣቢያ አጠገብ የእናቶች ማቆያ መሠራቱም፣ ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሲደርስ ቀድማ መጥታ እንድታርፍ፣ ለዚሁ ነው። ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ ቀዶ ጥገና ተምረው ምጥ የጠናባትን ሴት በወረዳ ሆስፒታል እንዲያዋልዱ መደረጉ ደግሞ፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ የማሚቱ ጋሼ ልጅ ልጅ ነው።

እኛ ግን ውዳሴያችን አድሏዊ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣውን እንግዳ ስናመሰግን ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ሐውልት እናቆማለን። በ2012 ኢትዮጵያ ለዶክተር ካትሪን የክብር ዜግነት ሰጥታለች፤ ይገባቸዋል፣ ከዚያም በላይ ይገባቸዋል። ውኃ በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ በባትሪ ብርሃን፣ በሌሊት የምታዋልደውን ልጅ ግን ስሟን የሚያውቅ የለም።

በጂንካ በቅርቡ የሆነው ይህን በደንብ አሳይቷል። በ2013 ቢጫ ወባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደቡብ አሪ ላይ ብቅ አለ። ሆኖም የ1960ው አልተደገመም፤ ምልክቱ ታይቶ ናሙና ተላከ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የደቡብ ኦሞ ሕዝብ እንዲከተብ ዘመቻ ወጣ። ከዚያ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱን አረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ። ክትባትም የተረጋገጠ መድኃኒትም የሌለው፣ ደም የሚያፈስስ በሽታ ነው፤ የታመመን በመንካት ይተላለፋል። ከአዲስ አበባም ከዓለም ጤና ድርጅትም ባለሙያ ደረሰ፣ በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። የመጀመሪያዎቹን በሽተኞች የነካው እጅ ግን ከሩቅ የመጣ እጅ አይደለም፣ የዚያው የአካባቢው የጤና ሠራተኛ እጅ ነው። ከታመሙት መካከልም የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት።

ዶክተር ካትሪን መጋቢት 2020 ላይ፣ በ96 ዓመታቸው፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ባለው ቤታቸው ዐረፉ። ለሦስት ዓመት የመጡት ሴት 61 ዓመት ኖረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች በሆስፒታሎቻቸው ታክመው፣ አዲስ አበባ ተቀበሩ።

እንግዲህ ወጌን ሰምታችኋል፣ አሁን የኔን ጥያቄ ስሙኝ። ጂንካ ያላችሁ፣ ጋዘር፣ ሐና፣ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ ያላችሁ፤ መምህር ሁኑ፣ ሾፌር ሁኑ፣ ነጋዴ። ከመንደሩ ዳር ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ገበያ የማትወጣ፣ ለቅሶ የማትደርስ ሴት ካለች ጠይቁ። ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ ሕመሟ ስም እንዳለው፣ ዓመታት ቢያልፉም ብዙዎቹ እንደሚድኑ፣ በሃምሊን ሆስፒታሎች ሕክምናው በነፃ እንደሆነ ንገሯት። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ሪፈር አጽፉላት። ብቻዋን ግን አትስደዷት፤ ቋንቋዋን የምታውቅ አንዲት ሴት እስከ ይርጋለም አብራት ትሂድ።